ባሊ ውዝዋዜዋን አዳነች፤ የሩዝ ማሳዋስ?

የኢንዶኔዥያ ደሴት ስለሆነችው ባሊ አንድ የማያረጅ ወሬ አለ። «ድሮ ቀረ፣ ባሊ ተበላሽታለች» ይባላል። አምና የሄደ ሰው ይህንኑ ይላል። ከ20 ዓመት በፊት የሄደውም ይህንኑ ይል ነበር። በ1930ዎቹ በመርከብ ይመጡ የነበሩ ሰዓሊዎችና ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ቱሪስት ይህችን ደሴት ያጠፋታል ብለው ይሰጉ ነበር (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ወሬው መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ደሴቲቱ ግን አሁንም አለች። ስለዚህ «ተበላሸች፣ አልተበላሸችም» እያሉ መከራከሩ ብዙ አያስኬድም። ምኗ ተለወጠ? ምኗስ ጸና? ለምን? ብሎ መጠየቁ ይሻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ነገር ይሄ ነው፦ ሁሉም ሰው ይጠፋል ብሎ የፈራለት ባህሏ ዛሬም ቆሟል። ብዙም ያልተፈራለት መሬቷና ውሃዋ ግን ከሥር ከሥር እየሄደ ነው። ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

ባሊ ትንሽ ናት። ስፋቷ 5,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከ4.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። አብዛኛው ሕዝቧ ሂንዱ ነው፤ የኢንዶኔዥያ ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው። በ1966 ሳኑር የባሕር ዳርቻ ላይ ባለ 10 ፎቅ ሆቴል ተከፈተ። የተሠራው ጃፓን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ነበር። ሰው ሕንጻውን ሲያይ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሕንጻ ከኮኮናት ዛፍ ቁመት እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቁጥሩም 15 ሜትር ሆኖ ጸና። በ1969 የዋና ከተማዋ የደንፓሳር አውሮፕላን ማረፊያ ለዓለም አቀፍ በረራ ክፍት ሆነ። ያኔ በዓመት የሚመጣው የውጭ ጎብኚ ከ30 ሺህ አይበልጥም ነበር። በ2019 ወደ 6.3 ሚሊዮን ደረሰ። 10 ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው የአገር ውስጥ ጎብኚ በዚህ ላይ የሚደመር ነው።

በመጀመሪያ የተፈራው ለባህሉ እንደነበር በ1971 የወጣው ዕቅድ ራሱ ይናገራል። ዕቅዱን የሠሩት ፈረንሳውያን አማካሪዎች ናቸው፤ ከጀርባው የዓለም ባንክ ነበረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቱሪስቶቹን በደቡቡ ጫፍ፣ ኑሳ ዱአ በሚባለው ደረቅና ለእርሻ በማይመች መሬት ላይ እንሰብስባቸው። ቀን ቀን ወጥተው ደሴቲቱን ይዩ። ማታ ወደ ሆቴላቸው ይመለሱ። ሕዝቡ ከነባህሉ ሳይነካ ይቀራል። የመጀመሪያው ሆቴል ኑሳ ዱአ ላይ በሩን የከፈተው ግን በ1983 ነው። እስከዚያ ድረስ ኩታ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ማንም ሳያቅድለት ሌላ ቱሪዝም በራሱ ጊዜ በቅሎ ነበር። የማዕበል ተንሸራታች ወጣቶች መጡ፤ ቤተሰቦች ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ማከራየት ጀመሩ። ዕቅዱ ሳይጀመር አጥሩ ተዘሎ ነበር ማለት ይቻላል።

የአበባው ውዝዋዜ ታሪክ

ባሊዎች ባህላቸውን እንዴት እንደያዙ ለማየት ከአንድ ውዝዋዜ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ስሙ ፔንደት ነው። ሴቶች አበባ የሞላበት ዕቃ ይዘው ይወጣሉ። ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው ይራመዳሉ። መጨረሻ ላይ አበባውን ይበትናሉ። በቤተ መቅደስ ውስጥ ሲሆን ይህ ትርኢት አይደለም፤ በበዓሉ ቀን ወደ መቅደሱ ለወረዱት አማልክት የሚቀርብ መሥዋዕት ነው።

በ1950ዎቹ ፔንደት የእንግዳ መቀበያ ሆነ። በ1962 ጃካርታ ላይ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች መክፈቻ 800 ያህል ሴቶች አቀረቡት። ቀስ በቀስ ሆቴሎችም ወሰዱት። ያኔ የሃይማኖት አባቶችና የጥበብ ሰዎች ቅር አላቸው። ለአማልክት የሚበተን አበባ ለሆቴል እንግዳ ይበተናል? ይህ ነገር ቤተ መቅደሱን ራሱን አያረክሰውም?

በ1971 ጉባኤ ተጠራ። የባሊ ምሁራን፣ ካህናትና የውዝዋዜ መምህራን ተቀምጠው የደሴቲቱን ውዝዋዜዎች በሦስት መደቧቸው። አንደኛው ምድብ ከመቅደሱ የውስጠኛ ግቢ የማይወጣው ነው። ሁለተኛው በመካከለኛው ግቢ ከሥርዓቱ ጋር የሚሄደው ነው። ሦስተኛው በውጪው ግቢ ለመዝናኛ የሚቀርበው ነው። ለገበያ የሚሆነው ይህ የመጨረሻው ብቻ እንዲሆን ታሰበ። በዚያው ሰሞን ፔንደትን ተክቶ ለእንግዳ የሚቀርብ ፓንየምብራማ የሚባል አዲስ ውዝዋዜ ተፈጠረ። መልኩ ከፔንደት ጋር ይመሳሰላል፤ ግን አማልክቱን አይነካም።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ፓንየምብራማ አማረ፤ ሰው ወደደው። ልጆች በትምህርት ቤት ተማሩት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለሆቴል ተብሎ የተፈጠረው ውዝዋዜ በቤተ መቅደስ በዓላት ላይ ይታይ ጀመር። ለቱሪስት የተሠራው ነገር ዞሮ ለአማልክቱ ቀረበ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ይዘው «ይኸው፣ የቱ እውነተኛ እንደሆነ እንኳን ጠፋቸው» የሚሉ አሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማነበው። አንድ ማኅበረሰብ ባህሉን በእጁ ሲይዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይመርጣል፣ ይለያል፣ አዲስ ይፈጥራል፣ የወደደውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ኬቻክ የሚባለው፣ ወንዶች ክብ ሠርተው «ቻክ፣ ቻክ» የሚሉበት ዝነኛ ትርኢትም በ1930ዎቹ ዋልተር ስፒስ የተባለ ጀርመናዊ ሰዓሊ ከባሊ ሰዎች ጋር ሆኖ ከአሮጌ ሥርዓት ያወጣው ነው። ዛሬ ባሊዎች የራሳቸው ነው ይሉታል። ልክ ናቸው። ዩኔስኮም በ2015 የባሊን ውዝዋዜዎች ሲመዘግብ ያንኑ የሦስት ምድብ አከፋፈል ተቀብሎ ነው የመዘገባቸው።

ባህሉን ያቆመው አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔው የጋራ መሆኑ። ባሊ ውስጥ ባንጃር የሚባል የሰፈር ማኅበር አለ። ቀብሩ፣ ሠርጉ፣ የቤተ መቅደሱ ሥራ፣ ሁሉም በባንጃሩ ነው የሚያልፈው። የሆቴል አስተናጋጁም ሆነ ሹፌሩ ወረፋው ሲደርስ ይሄዳል። የቀረ ይቀጣል። ብዙ ጊዜ የቀረ ደግሞ የራሱ ቀብር ላይ ሰው ያጣል። በአዲስ ዓመታቸው በኒየፒ ቀን ደሴቲቱ በሙሉ ጸጥ ትላለች። መብራት ይጠፋል፤ መንገድ ላይ ሰው አይወጣም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ለ24 ሰዓት ይዘጋል። በዓመት ሚሊዮኖች የሚያርፉበትን ኤርፖርት ለጸሎት ብሎ የሚዘጋ ሕዝብ ባህሉን ለገበያ አስረክቧል ማለት አይቻልም።

የጋራ ድምፅ መሬት ላይም የሠራበት ጊዜ አለ። በ2014 በፕሬዚዳንት ደንብ የቤኖዋ ባሕረ ሰላጤ ለልማት ተከፈተ። 700 ሄክታር ያህል ባሕር ደልድሎ ሪዞርት የመሥራት ዕቅድ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ለዓመታት ሰልፍ ወጡ። ሙዚቀኞች ዘፈኑ፤ በባህላዊ ሥርዓት የሚተዳደሩ መንደሮች አንድ በአንድ «አንፈልግም» አሉ። በ2018 የቦታው ፈቃድ ጊዜው አለፈ። በ2019 የባሕር ጉዳይ ሚኒስትሯ አካባቢውን የጥበቃ ክልል አደረጉት። ሁልጊዜ እንዲህ አይሳካም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ታናህ ሎት ከተባለው የባሕር ዳር ቤተ መቅደስ አጠገብ ሪዞርት ሊሠራ ሲል ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ። የሂንዱዎች የበላይ የሃይማኖት ማኅበር በ1994 የተቀደሱ ቦታዎች ዙሪያ ምን ያህል ርቀት መጠበቅ እንዳለበት ደነገገ። ሪዞርቱ ግን ተሠራ።

አንድ ማሳ ሲሸጥ

የእርሻው ነገር ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ውሃው እንዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል።

የባሊ የሩዝ እርከን በሱባክ ነው የሚተዳደረው። ሱባክ ከአንድ ቦይ የሚጠጡ ገበሬዎች ማኅበር ነው። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሥርዓት ነው። በደሴቲቱ ላይ 1,200 ያህል ሱባኮች አሉ። ውሃው ከተራራው ሐይቅና ምንጭ ይነሳል፤ በድንጋይ በተፈለፈለ ዋሻና በቦይ ይወርዳል። በየመከፋፈያው ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። መቼ እንደሚዘራ፣ ማን ቀድሞ ውሃ እንደሚያገኝ፣ መሬቱ መቼ እንደሚያርፍ የሚወሰነው በእነዚህ መቅደሶች ዙሪያ በሚደረግ ስብሰባ ነው። የሁሉም የበላይ በባቱር ሐይቅ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ ነው።

ለውጭ ሰው ይህ ሁሉ እምነት ብቻ ይመስላል። በ1970ዎቹ የመንግሥት ባለሙያዎችም እንደዚያ ነበር ያሰቡት። አዲስ የሩዝ ዘር መጣ፤ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መጣ። ገበሬው የቤተ መቅደሱን ወረፋ ትቶ በተቻለው መጠን ቶሎ ቶሎ እንዲዘራ ተነገረው። ለጊዜው ምርት ጨመረ። ከዚያ ውሃው ተምታታ፤ ተባዩ አልቻል አለ። ምክንያቱም ድሮ አካባቢው በሙሉ አንድ ላይ አጭዶ አንድ ላይ ሲያርፍ ተባዩ የሚበላው ያጣ ነበር። አሁን ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ እሸት አለ። ስቴፈን ላንሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት ጄምስ ክሬመር ከተባለ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጋር ሆኖ ነገሩን በኮምፒውተር ሞዴል ፈተሸው። የቤተ መቅደሶቹ ወረፋ ውሃንም ተባይንም አቻችሎ ጥሩ ምርት የሚያስገኝ ሆኖ ተገኘ። ዩኔስኮ በ2012 ሱባክን የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

አሁን በዚህ ሥርዓት መሐል አንድ ገበሬ ማሳውን ሸጠ ወይም ለረጅም ጊዜ አከራየ እንበል። በኢንዶኔዥያ የ1960 የመሬት ሕግ መሠረት የውጭ ዜጋ ሙሉ የመሬት ባለቤትነት ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ለ25 ወይም ለ30 ዓመት ይከራያል፤ አንዳንዱ ደግሞ በኢንዶኔዥያዊ ሰው ስም ይገዛል። ግንብ ይቆማል፤ ቪላ ይሠራል፤ መዋኛ ገንዳ ይቆፈራል። ፎቶው ያምራል፤ ከገንዳው ጫፍ ማዶ አረንጓዴ ሩዝ ይታያል።

ከግንቡ በታች ያለው ጎረቤት ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ውሃው ከላይኛው እርከን ወደ እሱ በሚወርድበት ቦታ ላይ መሠረት ፈስሷል። ቦዩ ጠቧል፤ ወይም ዞሯል። ሲመጣም የሳሙናና የፍሳሽ ውሃ ይዞ ይመጣል። በዙሪያው ያሉት ማሳዎች ቪላ ሲሆኑ ወፉና አይጡ ሁሉ የቀረችው አንዲት ማሳ ላይ ይሰፍራል። ድሮ መቶ ገበሬ የሚካፈለውን ጉዳት አሁን አሥሩ ይሸከሙታል። ቦዩን ለመጥረግ የሚወጣው ሰው ቀንሷል። የመሬት ግብር ደግሞ በመሬቱ ግምት ነው የሚሰላው፤ ጎረቤቱ ቪላ ሲሆን የሩዝ ማሳውም በወረቀት ላይ ይወደዳል። ሩዙ ግን በዚያው ዋጋው ነው። ልጁ ከተማ ሆቴል ውስጥ ወይም የመዝናኛ መርከብ ላይ ይሠራል፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጎንበስ የሚልለት የለም። እንዲህ ሆኖ ያልሸጠ ገበሬ ነው የሚገርመኝ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የሸጠው ገበሬ ልጁን ሊያስተምር ነው። ተከራዩ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው። ግን የሻጩ ውሳኔ የእሱ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ የሁሉም ነው። ባህሉ የዳነው ማንም ብቻውን ሊሸጠው ስለማይችል ነበር። ፔንደትን ለሆቴል የወሰደው ሰው መንደሩን፣ ካህኑን፣ ጉባኤውን መጋፈጥ ነበረበት። ማሳውን የሚሸጥ ሰው የሚጋፈጠው ደላላ ብቻ ነው።

ቻንጉ የሚባለውን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። በአጭር ጊዜ ውስጥ የሩዝ ማሳው ካፌ፣ የጋራ ቢሮና ቪላ ሆነ። በማሳዎቹ መሐል የነበረው ጠባብ የኮንክሪት መተላለፊያ አቋራጭ መንገድ ሆኖ፣ ስኩተር የሚነዱ ቱሪስቶች ጭቃ ውስጥ ሲወድቁ የሚያሳይ ቪዲዮ መለያው ሆኗል።

ታክሱ የት ይገባል?

ይህ ሁሉ እየታየ ለምን አይቆምም? ብዙ ሰው «ሙስና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከዚያ ይልቅ የገንዘቡን መንገድ ማየት እመርጣለሁ። ኢንዶኔዥያ ከ2001 ጀምሮ ሥልጣኗን ከማዕከል ወደ አውራጃ አውርዳለች። የግንባታ ፈቃድ በዋነኛነት በአውራጃ እጅ ነው። የሆቴልና የሬስቶራንት ታክስም የሚገባው ለአውራጃው ነው። ኩታ፣ ቻንጉና ኑሳ ዱአ የሚገኙበት ባዱንግ አውራጃ ገቢውን በብዛት የሚያገኘው ከዚህ ታክስ ነው፤ ከባሊ አውራጃዎች ሁሉ ሀብታሙም እሱ ነው። ጎረቤቱ ታባናን የደሴቲቱ የሩዝ ጎተራ ነው። ዝነኛው የጃቲሉዊህ እርከን ያለው እዚያ ነው። ቱሪስቱ የጃቲሉዊህን ፎቶ አንስቶ ባዱንግ ይተኛል። ታክሱ አልጋው ያለበት ቦታ ይቀራል። ባዱንግ ለሌሎቹ አውራጃዎች የተወሰነ ያካፍላል፤ ግን ስሌቱን አይለውጠውም። ሩዙን የጠበቀ አውራጃ ድሃ ሆኖ ይቀራል፤ ቪላ የፈቀደው ይከብራል። የታባናን ባለሥልጣን ብትሆኑ ምን ትፈቅዱ ነበር?

በአንድ ገቢ ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል በኮቪድ ጊዜ ታይቷል። በ2020 የባሊ ኢኮኖሚ ከ9 በመቶ በላይ ወደቀ። በ2021 ዓመቱን ሙሉ በአውሮፕላን የገባው የውጭ ቱሪስት ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበር። ኑሳ ሌምቦንጋን በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ሰዎች ሆቴል ሲመጣ የተውትን የባሕር አረም እርሻ እንደገና ጀመሩት። ባሕሩ እዚያው ስለነበር ተቻላቸው። መሬት ያልሸጠም ወደ ማሳው ተመለሰ። የሸጠው ግን የሚመለስበት አልነበረውም። ጎብኚው ሲመለስ ቁጥሩ በ2024 ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረበት ደረሰ፤ ግንባታውም ከበፊቱ ፈጠነ።

ባለሥልጣናቱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2019 አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ከረጢትና የመጠጥ ቀሰም ታገደ። በ2023 ቱሪስቶች በተቀደሱ ቦታዎች እርቃናቸውን ፎቶ መነሳታቸው ቁጣ ካስነሳ በኋላ የሚፈቀድና የማይፈቀድ ነገር ዝርዝር ወጣ። ከየካቲት 2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ 150,000 ሩፒያ ይከፍላል። ጥሩ ነው፤ አንዱንም አልቃወምም። ግን ከእነዚህ ደንቦች አብዛኛው የሚያየው የቱሪስቱን ጠባይ ነው። ቱሪስቱ ጨዋ ቢሆን፣ ቆሻሻ ባይጥል፣ ትከሻውን ሸፍኖ መቅደስ ቢገባ እንኳ የሚተኛበት ቪላ ቦዩ ላይ እስከቆመ ድረስ የታችኛው ማሳ ይደርቃል።

ሌሎች ቦታዎች «ዝጉት» ብለው አይተውታል። ፊሊፒንስ ቦራካይ ደሴትን በ2018 ለስድስት ወር ዘጋች። ታይላንድ ማያ ቤይ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ከ2018 እስከ 2022 መጀመሪያ ዘግታ ኮራሉ አገገመ፣ ትናንሾቹ ሻርኮችም ተመለሱ። ይህ የሚሠራው ችግሩ ፍሳሽ ወይም የሰው ብዛት ሲሆን ነው። ባሕር እፎይ ሲል ራሱን ያክማል። ኮንክሪት የፈሰሰበት እርከን ግን ቢዘጉትም ቢከፍቱትም ሩዝ አያበቅልም።

መሬቱ ሲሄድ ባህሉም ቀስ እያለ ይከተላል። ይህ ነው በጣም የሚያሳስበኝ። የየዕለቱ መሥዋዕት ከኮኮናት ቅጠል፣ ከአበባና ከሩዝ ነው የሚዘጋጀው፤ ከቅጠሉ ብዙው አሁን ከጎረቤት ደሴት ከጃቫ በጭነት መኪና ነው የሚመጣው። የሱባኩ ቤተ መቅደስ በዓል የሚከበረው በእርሻው ዙር ነው። የሚዘራ ከሌለ በዓሉን የሚጠራው ማነው? ውዝዋዜውን ከሆቴል መጠበቅ ተችሏል። ያለ ገበሬ የሚቀር የገበሬ ሥርዓትን ግን የ1971ዱ ጉባኤ አላሰበውም ነበር።

በመስከረም 2025 ደንፓሳርና አካባቢው በከባድ ጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከ15 ሰው በላይ ሞተ። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ውሃውን ይይዝ የነበረው የማሳና የወንዝ ዳር መሬት መሸፈኑም የራሱን ድርሻ ማድረጉ በሰፊው ተነሳ። አገረ ገዢው ዋያን ኮስተር ከዚህ በኋላ በምርታማ መሬት ላይ ለሆቴልና ለሬስቶራንት ፈቃድ እንዳይሰጥ እናደርጋለን አሉ። ውሳኔው ትክክል ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እየተስፋፋ ያለው ቪላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በመኖሪያ ቤት ስም ተሠርቶ በኢንተርኔት ይከራያል። ፈቃዱን የሚሰጠው አውራጃው ነው፤ ታክሱን የሚሰበስበውም እሱ ነው። ሱባኩ ደግሞ በጉዳዩ ላይ ድምፅ የለውም። ቦዩን የሚካፈሉት ገበሬዎች «ይህ ማሳ ከቦያችን መሐል እንዳይወጣ» ማለት እስካልቻሉና እምቢ ሲሉ ደግሞ ያጡትን ገቢ የሚተካላቸው እስካልተገኘ ድረስ፣ እገዳው ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው።